በገደሉ ጫፍ የተገኘው ነጭ ምልክት

ጎረቤቴ አስመረች በባሏ በክንፈ የመጣ ነገር ደሟን ያፈላዋል። እኔ ባሌ በሕይወት ሳለ የሚወስደው ቢገኝ መርቄ ነበር የምሰጥ። እሷ ግን በሰፈራችን፣ በእስራኤሉ ነቬ ሐይም፣ ክንፈን እንደምን አደርክ ያለችውን ሴት ሁሉ ዘር ማንዘሯን ታጣራለች።

በፈረንጆቹ ዘጠና አምስት ክንፈ ሥራ አገኘ። የጊቫት ኦልጋን የባሕር ገደል ከአውሮፕላን ፎቶ እያነሱ ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ቀጠሩት። ሽርሽር የሚወጣው ሰው በየት ይለፍ፣ ወፍ ጫጩት የሚፈለፍልበት የቱ ይከለል የሚለውን ከፎቶው ነው የሚያውቁት። አውሮፕላኑ ከመምጣቱ በፊት ክንፈ ነጭ ጨርቅ እየዘረጋ በካስማ ይወጥራል፤ ከላይ ሲታይ ለልኬቱ ምልክት እንዲሆን። ታዲያ አለቃው ኤፍራት የምትባል ቁምጣ ለባሽ ልጅ ሆነችና ቤቱ ታመሰ።

«ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። ቀኑን ሙሉ ገደል ላይ ሁለት ሰው ምን ይሠራል፣ ሙላቷ?» አለችኝ አስመረች።

«ዓቮዳ ነዋ፣ ሥራ! ዳይ፣ በቃሽ! የሰውየውን እንጀራ አትዝጊበት» አልኳት።

«አብረው ባገኛቸው ልጆቼን ይዤ ነው የምወጣ!»

አውሮፕላኑ በሚመጣበት ቀን ለቅሶ ልደርስ ነው ብላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በአውቶቡስ ሄደች። ገደሉ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ቁልቁል ስታይ ክንፈና ኤፍራት አሸዋው ላይ ጨርቅ ይዘው ይሳሳቃሉ። አውሮፕላኑ ከላይዋ ሲመላለስ እሷ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክንፈን ዘጋችው፤ ሽማግሌ ይምጣልኝ አለች።

ከሽማግሌዎቹ በፊት ክንፈ ፊቱ አመድ መስሎ ከሥራ መጣ። «ተነሽ» ብሎ ወደ ቢሮው ወሰዳት። ነገሩ እንዳይከፋ እኔም ተከተልኩ።

ኤፍራት ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጣ ባለሁለት ዓይን መነጽር አቆመችባቸው። ጎንበስ ብለው ሲያዩበት ገደሉ ከወረቀቱ ብድግ ይላል። ጫፉ ላይ ክንፈ ያልዘረጋው አንድ ነጭ አለ። ምልክት መስሏቸው ሲለኩበት ከርመው ልኬቱ አልገጥም ብሏቸዋል። ነጠላ መሆኑን ያወቀ ክንፈ ነው፤ ያን ቀን ነጠላ ለብሳ የወጣችው ማን እንደሆነች አልጠፋውም። ከነጩ ኋላ ጥቁር ስንጥቅ ይታያል። የተቀመጠችበት አፈር ከገደሉ ተላቅቆ ሊናድ ምንም አልቀረውም ነበር።

«እዚህ ነበርሽ?» አላት። «ብትወድቂስ? እኔ ከሥር ቆሜ...» ዓይኑ እንባ ሞላ። እኔም አለቀስኩ፤ እንዲህ የሚሳሳላት ሰው መሆኑን አላውቅም ነበር።

አስመረች ከመነጽሩ ቀና አላለችም። ጣቷ ከስንጥቁ አልፎ ክንፈና ኤፍራት ወደቆሙበት አሸዋ ወረደ።

«እነዚህ ሁለት ነጥቦች» አለች፣ «ለምንድን ነው እንዲህ የተጠጋጉት?»

ክንፈ ቆቡን አነሳና ወጣ። እስከ ዛሬ ነቬ ሐይም አልተመለሰም።