ሐኪሙን ያላስጨረስኩት ቀን

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ትናንት ራት ምን እንደበላሁ ባለቤቴን የምጠይቅ ሽማግሌ ነኝ፤ ይህችን ቀን ግን ልርሳት ብል እንኳ እሷ አትረሳኝም።

እኔ መካነ ሰላም፣ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቼ ሠላሳ ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ ኖርኩ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ጠበቃ ነኝ ባይ ነኝ። ሰው ነገር ሲገጥመው “ይመርን ያዙ፣ ጥያቄ ያውቃል” ይላል። ይህን እየሰማሁ ነው እንግዲህ የተበላሸሁት።

ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ የሚያርስ ገበሬ ነው። ስኳር በሽታ አለበት። የግራ እግሩ ጣቶች ሥር ቁስል ወጥቶ አልድን ሲለው፣ ከሚስቱ ከዘሃራ ጋር ሆነን ሆስፒታል ወሰድነው። መንገድ ላይ የሚያወራው ሌላ ነገር አልነበረም።

“አያ ይመር፣ እግሬን እንዳይቆርጡኝ። ያለ እግር ምኑን ገበሬ ነኝ?”

“አብሽር! እኔ እያለሁ ማን አባቱ ይቆርጥሃል!”

ሐኪሙ የመጨረሻ ልጄን የሚያክል ወጣት ነው። ቁስሉን አየ፣ ዙሪያውን ነካ ነካ አደረገና ሰይድን “ያምዎታል?” አለው። ሰይድ አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩ።

“ምንም አያመው! ደህና ምልክት ነው።”

“አባቴ፣ አለማመሙ እኮ...”

“ቆይ፣ ዶክተር። የምጠይቅህን በአጭሩ መልስልኝ።” ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ዳኛ ፊት የቆምኩ መሰለኝ። በከዘራዬ ወለሉን መትቻለሁም ይላሉ፤ እሷን እንኳ ልካዳት። “እግሩ ይቆረጣል ወይስ አይቆረጥም?”

“አሁን ባለበት ሁኔታ...”

“አዎ ወይም አይ በል!”

“ዛሬ አይቆረጥም። ግን...”

“ግን የሚባል የለም! ይኸው፣ መለሰ!” ወደ ሰይድ ዞርኩ። “ሰማህ?”

ሐኪሙ አንገቱን ደፍቶ መድኃኒት ጻፈ። ውጭ ሰው ተሰልፏል። “ነርሷ ጋ ግቡ፣ አያያዙን ታስረዳችኋለች” አለን። እኔ ግን ሙግት ረትቶ የወጣ ባለጉዳይ ሆኛለሁ። ዘሃራ ወደ ነርሷ ክፍል ልትገባ ስትል “ምን ቀረሽ? ተፈረደልን እኮ!” ብዬ መለስኳት።

ያን ቀን ሻይ ቤት ተቀምጬ ዶክተሩን እንዴት እንዳፋጠጥኩት ለሰማው ሁሉ አወራሁ። ላልሰማውም ደገምኩለት።

ሰይድ የታላቁን ቃል አምኖ፣ በሳምንቱ በኮንጎ ጫማው ወንዝ ተሻግሮ ለቅሶ ደረሰ። አያመውማ! ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ሥጋውን ሲበላው ውሎ አላወቀም። ሲመለስ እግሩ አብጦ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ሽታው ከበር ይቀበል ጀመር።

ያው ሆስፒታል፣ ያው ሐኪም። አፈር ልብላና ያን ቀንም ዝም አላልኩም።

“ዶክተር፣ አይቆረጥም ብለኸን አልነበረም?”

“ብያለሁ።”

“አሁንስ ይቆረጣል?”

“ሁለት ጣት፣ አዎ።”

እንዳስተማርኩት በአጭሩ መለሰልኝ። ሰይድ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

እስከዚያ ድረስ ድምፅዋ ያልተሰማው ዘሃራ ሻርፗን ሰብሰብ አድርጋ ተናገረች። “ዶክተር፣ እኛ የዚህን በሽታ ጠባይ አናውቀውም። እስኪ ከመጀመሪያው ይንገሩን። ቤታችን ስንገባስ እግሩን እንዴት ብንይዘው ይሻላል?”

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወንበሩን ወደሷ ሳበ። ስኳር የእግርን ስሜት እንደሚያደነዝዝ፣ ክፉው ምልክት አለማመሙ እንደሆነ፣ ቁስሉ እስኪድን እንዳይረግጥበት፣ ከዳነም በኋላ ማታ ማታ ውስጥ እግሩን እያገላበጠች እንድታይለት፣ ሁሉን አንድ በአንድ ነገራት። እሷ “እሺ፣ ከዚያስ?” ትላለች፤ እሱ ይጨምርላታል። ሰልፉ ያው ሰልፍ ነው፤ እሱ ግን አልቸኮለም።

“ይህን ያን ቀን ለምን አልነገርከንም?” አልኩት።

“አባቴ፣” አለኝ፣ ቁጣ እንኳ የለበትም፣ “ጀምሬ ነበር እኮ።”

ዘሃራ ዞር ብላ አላየችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አልሃምዱሊላህ፣ እግሩ ተረፈ። ሁለቱ ጣቶች ግን ሄዱ። ሰይድ ዛሬም ያርሳል፤ ቀስ ብሎ ነው።

እኔ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ስቀርብ፣ የቱንም ያህል ልጅ ቢሆን፣ “እስኪ ይንገሩን፣ ነገሩን እንዴት አዩት?” ብዬ ምላሴን ነክሼ እቀመጣለሁ። የሠላሳ ዓመት ልማድ ነውና ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ያሳክከኛል። እችለዋለሁ።

ጁምዓ ጁምዓ ከሰይድ ጋር መስጊድ ደጃፍ ጎን ለጎን ተቀምጠን ለሶላት እንታጠባለን፣ ውዱእ እናደርጋለን። እሱ ውሃውን በቀሩት የእግሩ ጣቶች መካከል እያስገባ ያጥባል። ባለፈው ሳየው አየኝና “አያ ይመር፣ አሁንማ ካንቱ ቀድሜ ነው የምጨርስ” ብሎ ሳቀ።

በራሴ ስስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። በዚች ግን አልቻልኩም። ፊቴን ታጥቤ ጨርሼ ነበር፤ እንደገና ታጠብኩት።