ለጥንቸሏ ያገነፋሁት ገንፎ

የባለቤቴ ታላቅ እህትና እኔ የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ላይ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ግቢውን ለሁለት የከፈለው የቆርቆሮ አጥር የቆመው ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ነው፤ ያስቆምኩትም እኔ ነኝ። ጥላ የበዛበትን ሣራማ ጥግ ለእሷ ትቼ ፀሐያማውን ወሰድኩ። የውጭው በር ግን አንድ ስለሆነ ስንወጣና ስንገባ መገናኘታችን አልቀረም። ስንገናኝ «እንደምን አደሩ» እላታለሁ። አንቱታው የአፍ ነው።

ቂሜን ለመናገር አላፍርም። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እናቴ በሕይወት አልነበረችም። ለአራስ ገንፎ ማገንፋት የባሌ እህት ድርሻ ነበር። አላገነፋችም። ከአንድ ግድግዳ ማዶ ተቀምጣ አላገነፋችም። ሊጠይቀኝ የመጣ ጎረቤት ዓይኑ የገንፎ ሳህን ሲፈልግ፣ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር። በአራስነቴ የበላሁት ባለቤቴ ከሱቅ የሚያመጣልኝን ዳቦ ነው። ያቺ ልጅ ዛሬ ራሷ የልጆች እናት ናት፤ ዳቦው ግን አሁንም ጉሮሮዬ ላይ ነው።

ጥንቸሏን ያመጣችብኝ ይህችው ልጄ ናት። የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለልጆቿ ገዝታ፣ በረንዳውን ስታበላሽባት «እማዬ፣ አንቺ ግቢ አለሽ» ብላ በካርቶን ይዛት መጣች። ለካ ጥንቸሏ እርጉዝ ነበረች። ወር ሳይሞላት፣ ባስቀመጥኳት ሳጥን ውስጥ የሆዷን ጸጉር እየነጨች ማረፊያ አዘጋጀች፤ አንድ ጠዋት ሳይ አምስት መላጣ፣ ዓይናቸው ያልተገለጠ ልጆች ጸጉሩ ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ደውዬ ስነግራት ልጄ በሳቅ ፈነዳች።

«ታዲያ ስንት እልል አልሽ? ወንድ ናቸው ሴት?»

«እኔ ምን አውቄ!»

በዚያው ቀን የገብስ ዱቄት አወጣሁ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ጥንቸል ሣር እንደምትበላ አላጣሁትም። ገንፎውን ያገነፋሁት ለእሷ አልነበረም። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ በማድ ቤቴ በኩል አልፎ ወደ አጥሩ ማዶ እንደሚሄድ ስለማውቅ፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ቅቤውን አቀለጥኩ። ብዙ አልቆየም፣ ድምጿ ከማዶ መጣ።

«ደግሞ ማን ወለደ?»

«ጥንቸሏ!»

«ታዲያ ገንፎው ለማን ነው?»

«እዚህ ቤት የወለደች ሁሉ ገንፎ ትበላለች!» አልኩ፣ መንደሩ እስኪሰማ።

መልስ አልሰጠችም። ደስ አለኝ። ያንን ዝምታ ስጠብቅ ነበር ያረጀሁት።

በርበሬ አላደረግኩበትም፤ ያን ያህል ሞኝ አይደለሁም። ማር ጠብ አድርጌ በጣቴ አቀረብኩላት። መጀመሪያ ላሰችው፣ ኋላ ወደደችው። በውሃዋ ፈንታ አጥሚት ሰጠኋት። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ሣሯ ጥግ ላይ ደረቀ። በሦስቱም ቀን የማድ ቤቱ በር ክፍት ነበር።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ተኮራምታ አገኘኋት። ጆሮዋ ቀዝቅዟል፣ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ ጥርሷን ታፋጫለች። ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ፍሬ በጠጥ እንኳ የለም። ልጆቿ ሆዳቸው ተሸብሽቦ ይንፈራገጣሉ፤ አንዱ አይንቀሳቀስም።

ዓይን ነው አልኩ። ማዶኛዋ ትናንት በቆርቆሮው ቀዳዳ ስታይ ነበራ! ጤና አዳም አሸተትኳት፣ ሳጥኑን በነጠላ ሸፈንኩት፣ እንዲህ ስል ግማሽ ቀን ሄደ። አንገቷ ዘንበል ሲል ጊዜ በካርቶን አድርጌ ይዣት ወጣሁ። የውጭው በር ላይ የባለቤቴ እህት ቆማለች። ካርቶኑን አየች፣ ጉልበቴን አየች፣ ቁልቁለቱን አየች። «በዚያ በኩል ያዢ» ብላ አንዱን ጎን አነሳች። እስከ እንስሳት ሐኪሟ ቤት ድረስ ካርቶኑን ለሁለት ይዘን ወረድን።

ሐኪሟ ልጄን የምታክል ሴት ናት። የጥንቸሏን ሆድ ዳሰሰች፣ ጡቷን አየች።

«እናቴ፣ ምን ነበር የምትበላው?»

«ሣር።»

«ሣር ብቻ?»

«ሣር ብቻ።»

«እንግዲያው ከወሊዱ ጋር የተያያዘ ይሆናል። ማህፀኗ ውስጥ የቀረ ነገር ካለ...» እያለች ወደ መድኃኒቱ መደርደሪያ ዞረች።

የባለቤቴን እህት አየኋት። ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትናገር ይቀለኝ ነበር፤ አጋለጠችኝ ብዬ አዲስ ቂም እይዝ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ከጥንቸሏ ላይ አላነሳችም። የጥንቸሏ ጥርስ ሲፋጭ ይሰማል።

«ገንፎ» አልኩ።

ሐኪሟ ዞረች። «ምን አሉኝ?»

«ገንፎ ነው ያበላኋት። የገብስ። በቅቤ። አጥሚትም ሰጥቻታለሁ።»

«ለስንት ቀን?»

«ሁለት ቀን።»

«ሦስት» አለች የባለቤቴ እህት። «ሽታው ይደርሰኝ ነበር።»

ሐኪሟ ብትስቅብኝ በወደድኩ። አልሳቀችም። የጥንቸል አንጀት ሣር ካላገኘ ሥራውን እንደሚያቆም፣ ዱቄቱ ደግሞ እንደሚነፋት ነገረችኝ። በቆዳዋ ሥር ፈሳሽ በመርፌ ሰጠቻት፣ መድኃኒት በአፏ አደረገችላት፣ ሆዷን እንዴት እንደማሽላት አሳየችኝ።

«ከሣርና ከውሃ በቀር ምንም እንዳይሰጧት። በጠጥ ከጣለች ተስፋ አለ። እስከ ነገ ካልጣለች ግን...»

ቤት ተመልሼ ሆዷን ሳሽ፣ በአጥሩ ሥር አንድ እቅፍ ሣር ተገፍቶ ገባ። ከዚያ ከተውኩላት ጥግ የታጨደ፣ ለምለም ሣር። አላመሰገንኳትም። አፌ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት ሦስት ትንንሽ፣ ደረቅ በጠጦች አየሁ። ሳላስበው ወደ አጥሩ ሮጥኩ።

«እትዬ! ጣለች!»

«ሰማሁ፣ አትጩኺ። ሣሩ አለቀ?»

እትዬ ብዬ ከጠራኋት ዘመን አልፏል።

ያ የማይንቀሳቀሰው ልጇ ሞቶ ነበር፤ ጓሮ ቀበርኩት። አራቱ ተረፉ። ስለ ያኔው ገንፎ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አላነሳችም። ይቅር ብያታለሁ ብል ውሸት ነው። ግን እሷ ያላገነፋችው ገንፎ ማንንም አልገደለም።

በዚያው ቀን ልጄ ደወለች። «እማዬ፣ ምን ሆና ነበር?»

ከማዶ የማጭዱ ድምፅ ይሰማል፤ እትዬ ለጥንቸሏ ታጭዳለች።

«ምች መትቷት ነው» አልኩ።

ማጭዱ ቆመ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ጠበቅኩ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ማጨድ ጀመረች።