የቲጃኒ በርጩማ

ባለቤቴ ቲጃኒ አባቦራ በጅማ ከተማ፣ አወቱ መንደራ በሚባለው ሰፈር በርጩማ ይጠርብ ነበር። የእኛ አገር በርጩማ አይቀጠልም፣ ሚስማርም አይነካውም። መቀመጫውም ሦስቱ እግሮቹም ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍለው ይወጣሉ። ቲጃኒ ፊደል አልቆጠረም። እኔ በአርባ ሁለት ዓመቴ በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ስለለመድኩ፣ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ፣ የስኳር መጠቅለያም ቢሆን፣ ጮክ ብዬ አነብለት ነበር።

ሰኔ 1978 ቀበሌው የሕገ መንግሥቱን ረቂቅ አደለን፤ ተወያዩበት ተባለ። «ራስ ገዝ አካባቢዎች» የሚለው ላይ ስደርስ ቲጃኒ መሮውን አስቀመጠ።

«እስቲ ድገሚው፣ ዘይቡ።»

ደገምኩለት። ምነው ያኔ ምላሴ በተሳሰረ!

እሑድ ለውይይቱ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ዘርሁን የሚባለው ካድሬ «ጥያቄ ያለው?» ሲል ሁላችንም አቀረቀርን። ቲጃኒ ግን ተቀምጦበት የነበረውን በርጩማ አንስቶ ቆመ።

«ጓድ፣ ራስ ገዝ የሚሆነው ማነው? ለእኛ ለከፋ ክፍለ ሀገርስ ይደርሰዋል?»

«እሱን የበላይ አካል ይወስናል።»

«እኛም ብንጠየቅ ምናለ? ይኸው እየው፤ እያንዳንዱ እግር በራሱ ቆሟል፣ እንጨቱ ግን አንድ ነው።»

«አገር ልትቆራርጥ ነው?»

«ወላሂ፣ የቆረጥኩት እግር የለም። እግር ከሌለውማ ግንድ ነው፤ ግንድ ላይ ደግሞ ጓድም አይመቸውም።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ጉድ ያደረገን። የአብዮት ጥበቃዎቹ እዚያው በጠመንጃ ሰደፍ የቲጃኒን ጥርስ አረገፉ፣ እግሩን ይዘው እየጎተቱ ከነበርጩማው ወሰዱት።

በአራተኛው ቀን ወደ ታሰረበት አስጠሩኝ። ፊቱ አብጦ ስለነበር ቲጃኒን ያወቅሁት በድምፁ ነው። ዘርሁን ወረቀት ሰጠኝ።

«አንባቢዋ አንቺ አይደለሽ? አንብቢለትና አሻራውን ያኑር። እምቢ ካለ በዚያ እጁ ዳግመኛ አይጠርብም።»

«አገር ለማስገንጠል ሕዝብ ቀስቅሻለሁ» ይላል ወረቀቱ። ሌላ ነገር አስመስዬ ላነብለት አሰብኩ። ዓይኑን ሳየው ግን አቃተኝ፤ እንደተጻፈው አነበብኩለት።

«ይህን አላልኩም» አለ። «ያልኩትን ይጻፉ፣ ያኔ አሻራዬን አኖራለሁ።»

«ቲጃኒ፣ በአላህ! እጅህን...»

ቀኝ እጁን በገዛ በርጩማው ላይ ዘርግተው ያዙት። ሰደፉ ሦስት ጊዜ ወረደ። አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ጮኸ፤ ደሙ በሦስቱም እግሮች ወረደ። ቲጃኒ ራሱን ሳተ። ዘርሁን ቀለሙን ይዞ ጎንበስ አለ፤ አሻራ የሚወጣበት ጣት ግን አልነበረም። የግራውን ሊይዙ ሲሞክሩ፣ ራሱን ስቶ እንኳ ጨብጦት ነበር። ረገጡት፤ አልተከፈተም።

ከስምንት ወር በኋላ ለቀቁት። መስከረም 1980 ሬዲዮው ራስ ገዞቹን ዘረዘረ፦ ኤርትራ፣ አሰብ፣ ትግራይ፣ ድሬዳዋ፣ ኦጋዴን።

«ከፋን አላለም?» አለኝ።

«አላለም።»

«ለእነሱስ ስንት እግር እንደሚበቃቸው የጠየቃቸው አለ?»

ሬዲዮውን ዘጋሁት። «መሮውን ያዢልኝ» አለ።

እኔ ያዝኩ፣ እሱ በግራው መታ። መዶሻው ብዙ ጊዜ መሮውን እየሳተ ጣቴን አገኘው። አንድም ቀን አልጮህኩም።