ጎባጣው ቡሎን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለነፍስ አባቴም። ነፍስ አባቴ ኃጢአቴን ሲጠይቁኝ በጾም የበላሁትን ሥጋ እየቆጠርኩ አሳስቃቸው ነበር እንጂ፣ ኪሴ ውስጥ ስለከተትኩት ብረት ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። እንግዲህ አንባቢዬ፣ አንተ ስማኝ። አንተ ቢያንስ ስግደት አታዝዘኝም፤ ጉልበቴም አልቋል።

ዘመኑ ደርግ ነው። በኮምቦልቻና በደሴ መካከል፣ ሐረጎ ላይ፣ ናዳ መንገዱን ዘግቶ እህል የጫኑ መኪኖች ከታች ተሰልፈዋል። ናዳውን የሚጠርገው አንድ ሎደር ብቻ ነው፤ እሱም አካፋውን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው ወፍራም የብረት ዘንግ፣ ፔርኖው፣ ተበልቶ ቆሟል። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ መግባት አለበት። መካኒኩ እኔ ነኝ። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ የብረትን በሽታ በጆሮዬ ሰምቼ አውቃለሁ እያልኩ የምጎርር።

ይህ ሊቅ ታዲያ ምን አደረገ? ፔርኖውን ከወዲያ ጫፍ የሚቆልፈውን ቡሎን ሳይፈታ፣ ከወዲህ ጫፍ በትልቁ መዶሻ ሦስት ሰዓት ሙሉ ደበደበ! ቡሎኑ በጭቃ ተሸፍኗል፤ ጭቃ መጥረግ ደግሞ ለእኔ ዓይነቱ ሊቅ ውርደት ነው። በደበደብኩት ቁጥር የፔርኖው ራስ እየተደፈጠጠ ጭራሽ በቦታው ነከሰ።

የሎደሩን መገጣጠሚያ ግራሶ፣ ማለት የማሽን ቅባት፣ የሚያጠጡት አያ ሰይድ ነበሩ፤ ከደሴ ብዙ የማትርቀው የቢስቲማ ሰው፣ አባቴ ለመሆን ጥቂት ዓመት የቀራቸው። ሱብሂ ሰግደው፣ ሁሉንም መገጣጠሚያ ግራሶ ሳያጠጡ ሻይ አይቀምሱም። መዳፌ ተልጦ ሲደማ አዩና ከትከሻቸው ሽርጣቸውን አውርደው የመዶሻውን እጀታ ጠቀለሉልኝ።

«ኢንጂነሩ፣ ከወዲያ በኩል የሚይዘው ነገር የለም?» አሉኝ።

«አያ ሰይድ፣ እርስዎ ግራሶዎን ያጠጡ!»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ።

«ሽርጤን ብትቀደው ግን ወላሂ አለቅህም!»

«አዲስ እገዛልዎታለሁ» አልኩ። ገና ሳልጨርስ ተቀደደ።

ቀትር ላይ ዙሁር ሲደርስ እሳቸውና ሌሎቹ ሊሰግዱ ከመንገዱ ዳር ወረዱ፤ የቀሩት ምሳቸውን ይዘው ጥላ ፍለጋ ሄዱ። እኔ ሽንቴ መጥቶ ወደ ሎደሩ ማዶ ዞርኩ። እንግዲህ አትሳቅብኝ፤ ጭቃውን ያጠበው እሱ ነው። ቡሎኑ ብቅ አለ። ጎብጧል፤ ያን ሁሉ መዶሻ ችሎ ጎብጦ ተቀምጧል።

ለምን አልጮህኩም? «ጅል ነኝ፣ ረስቼው ነው» ብል ምን ነበረበት? በዚያ ዘመን መርሳት የሚባል ነገር አልነበረም፤ አሻጥር ነው የሚባለው። ግራ ቀኝ አየሁ። ፈታሁት። ኪሴ ከተትኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ በገዛ እጄ እኔ ከተትኩት።

ሰዉ ሲመለስ የፔርኖውን ዙሪያ በጋዝ እሳት እስኪቀላ አጋልኩትና መታሁት። ተንቀሳቀሰ። ደገምኩ፤ ወጣ። ሲያጨበጭቡልኝ አንድ ካድሬ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ከመኪኖቹ በኩል መጣ።

«እህሉን ግማሽ ቀን ያስቆመው ማነው?»

ፔርኖውን በእግሩ ገልበጥ አደረገው። ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ ጠብታ ግራሶ የለበትም። ግራሶውን ያቃጠለው የእኔ እሳት ነው፤ ይህን ደግሞ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«ለምን ነከሰ? አንተ ነህ መካኒኩ፤ ተናገር!»

ቡሎኑ በኪሴ ጨርቅ አልፎ ጭኔን ይወጋኛል።

«ግራሶ አልደረሰውም» አልኩ።

ስም አልጠራሁም እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አታለልኩ! ግራሶ የሚያጠጣ ሌላ ማን ነበረና? ሁሉም ዞሮ አያ ሰይድን አየ።

«አጠጥቻለሁ፤ ወላሂ ዛሬ ጠዋትም አጠጥቻለሁ» አሉ። ለካድሬው አይደለም፤ ለእኔ ነው ያሉት። እኔ መንገዱን አየሁ። ሲወስዷቸውም መንገዱን አየሁ። ከዚያ አዲሱን ፔርኖ አስገባሁ፤ ቡሎኑስ የት ሄደ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ሌላ አሠርኩበት። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተከፈተ፤ ሾፌሮቹ ክላክስ እያሰሙልኝ አለፉ።

አያ ሰይድ ሁለት ወር ታሰሩ፤ ከሥራም ተባረሩ። ከወጡ በኋላ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ላይ፣ ፊት ለፊት ገጠሙኝ። ከስተዋል። መሬት ብትከፈት እመርጥ ነበር፤ እሷ ግን ለናዳ እንጂ ለእኔ አልተከፈተችም።

«ኢንጂነሩ፣ ሽርጤሳ?» አሉኝ ፈገግ ብለው። ያውቁ ነበር? አይተውኝ ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ለሚመጣው ሰኞ» አልኳቸው። በሚመጣው ሰኞ ያን ሰፈር በሩቁ ዞርኩት። እሳቸውም ቢስቲማ ገቡ ተባለ።

ፈርቼ ነው ልልህ እችላለሁ፤ እውነትም ፈርቼ ነበር። እሳቸውስ አልፈሩም? ይቅር በለኝም አልልህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ቡሎኑ ሳጥኔ ውስጥ ነው። ከሱ ጎን እጥፉ ያልተፈታ አዲስ ሽርጥ አለ፤ ከገዛሁት ቆይቷል። በሰው ልላከው ብዬ ብዙ ጊዜ አነሣሁት፤ ቡሎኑን ትቶ ሽርጡን መላክ ሌላ ውሸት ሆነብኝ። ሰውዬው በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ጠይቄ አላውቅም፤ መልሱን ፈርቼ። ደሴ ተቀምጦ ቢስቲማ ሩቅ ነው የሚል ሽማግሌ ካየህ እኔ ነኝ።

አንድ ሽርጥ አለብኝ።