በዙምባራው ሰልፍ የቆመ ጊታር

ልጄ ጊታር ይጫወታል። የሚኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ሙዚቃው ጃዝ የሚባለው ነው። ናይሮቢም ዳካርም ሄዶ ተጫውቷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ፕሮዲዩሰር ሆኗል። ይህ ምን ዓይነት ሥራ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ የሌሎችን ሙዚቃ እየቀረጹና እያስተካከሉ አልበም አድርጎ ማውጣት ነው አለኝ። እንደ ልብስ ሰፊ ነዋ፣ ጨርቁ የሰው ነው አልኩት። ስቆ ወዲያው ለጓደኞቹ በስልክ ነገራቸው።

ጃዝ ምን እንደሆነ ዛሬም አጥርቼ አላውቅም። የማውቀው እጁን ነው። የግራ እጁ ጣቶች ጫፋቸው እንደ አባቱ መዳፍ ደድሯል። አባቱ ገበሬ ነበር፤ አላህ ይዘንለት። ሁለቱም ሠርተው ነው እጃቸው የደደረው። አልሐምዱሊላህ።

እኛ ከወሎ የመጣን ነን። በደርግ ጊዜ ልጅ ሆኜ ከወላጆቼ ጋር በመኪና ተጭኜ መጣሁ። ከአሶሳ ወጣ ብሎ በቁጥር በሚጠራ የሰፋሪ መንደር አደግሁ፣ ተዳርኩ፣ ወለድኩ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን በርታዎች ናቸው። መስጊዳችን አንድ ነው። እነሱ በእኔ በርታኛ ይስቃሉ፣ እኔ በእነሱ አማርኛ እስቃለሁ፤ እንግባባለን።

ልጄ ጊታር የጀመረው አሶሳ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ነው። አንድ አስተማሪው ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ጊታሩን ትቶለት ሄደ። አንዱ ክር ተበጥሶ ስለነበር ልጄ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈትቶ አሰረበት። አባቱ፣ ይሄ ልጅ የሚዘፍን ነው ወይስ ብስክሌት የሚጠግን? ይል ነበር። ይቀልድበት ነበር እንጂ አልከለከለውም። እኔ የለመንኩት አንድ ነገር ነው፤ አዛን ሲሰማ እጁን ከክሩ እንዲያነሳ። እስከ ዛሬ ያነሳል።

ባለፈው ግንቦት መግቢያ ላይ ደወለ። እስካሁን የሠራው የሌሎችን አልበም ነበር፤ አሁን የራሱን የመጀመሪያ አልበም ሊያወጣ ነው። በአልበሙ መካከል ልጅ ሆኖ ይሰማው የነበረውን የጎረቤቶቻችንን ዙምባራ ማስገባት ፈልጓል። ዙምባራ ከቅል ተገጣጥሞ የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው። አንዱ ዙምባራ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል። ሰዎቹ ተሰልፈው እየዞሩ፣ እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ የራሱን ይነፋል፤ ዜማው የሚወጣው ከሁሉም ነው።

ችግሩ ወቅቱ ነበር። ዝናብ ጥሎ ማሽላ መዘራት ሲጀምር ዙምባራው ይሰቀላል፤ እስከ መኸር አይነፋም። የአባቶቻቸው ሥርዓት ነው፣ ለማንም ተብሎ አይፈርስም። ሰማዩ ደግሞ መጥቆር ጀምሮ ነበር። በዚያ ሳምንት ካልቀረጸ አልበሙ ያለ ዙምባራ ይወጣል። እሱ ያን ፈርቶ መጣ። እኔ ግን ለዒድ መጥቶ በማግስቱ የሚሄድ ልጅ ቤቴ ሊሰነብት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

የዙምባራው መሪ ከባለቤቴ ጋር ጎን ለጎን ያረሱ ሽማግሌ ናቸው። ሄደን ነገርናቸው። ደመናውን ቀና ብለው አዩና፣ ነገ እንመጣለን፣ ቶሎ ይሁን አሉ።

ልጄ በማግስቱ ፍራሾቼንና ብርድ ልብሶቼን ሁሉ አውጥቶ የሳሎኑን ግድግዳ ሸፈነ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ነው አለኝ። ማይክራፎኑን መሀል ላይ አቆመና ሰዎቹን አንድ በአንድ ይጠራ ጀመር። አዲስ አበባ እንደዚያ ነው የሚሠሩት፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይቀረጻል፣ በኋላ ይገጣጠማል።

የመጀመሪያው ሰው ገባ። መታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ተደረገለት። አንዴ ነፋና ዝም አለ።

ልጄ ቀጥል አለው።

"ከማን ቀጥዬ?"

"ከማንም። ለብቻህ ነው።"

"ማንም ከሌለ ለምን እነፋለሁ?"

ቢሆንም ሞከረ። ሁሉም ሞከሩ፣ አንዳቸውም አልሰለቹም፤ እርስ በእርስ እየተሳሳቁ በላብ ተጠምቀው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ልጄ የቀረጸውን በላፕቶፑ ገጣጥሞ አሰማን። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"የመኪና ጥሩምባ ነው" አሉ። "መንገድ ዘግተናል መሰለኝ።"

ግቢው በሳቅ ሞላ። ልጄም ሳቀ። ነገር ግን እናቱ ነኝ፤ ራቱን ነካ ነካ አድርጎ ተወው። እማ፣ አንድ ሙሉ ቀን አባከንኩ አለኝ። ሙዚቃ አላውቅም አልኩት፤ ስገድና ተኛ፤ ነገ ግን ሰዎቹን ከቤቴ አውጣልኝ፣ ፍራሼን እፈልጋለሁ።

በማግስቱ ደመናው ዝቅ ብሎ ዋለ። ልጄ ማይክራፎኑን ከማንጎው ዛፍ ሥር አቆመና ሁላችሁም አንድ ላይ፣ እንደ ልማዳችሁ አላቸው። ሲሰለፉ ግን አንድ ሰው ጎደለ። ሴት ልጁ ሆሞሻ ወልዳ ሊጠይቃት ሄዷል። ደስታ ነው፤ ማን ይወቅሰዋል? ያለ እሱ ሞከሩት። ዜማው እሱ ቦታ ላይ ሲደርስ ሁሉም እንደሚያነክስ ሰው ይሆኑና ይተያያሉ። አንዱ ሰው ሁለት ዙምባራ መያዝ አይችልም፤ ተራው ቶሎ ቶሎ ይመጣል። ሽማግሌው፣ ቀረ እንግዲህ አሉ። በሱዳን በኩል ነጎድጓድ ተሰማ።

ልጄ ከተቀመጠበት የጊታሩ ሳጥን ላይ ተነሳ። ከዚያ ሳጥኑን ከፈተ። አንዱን ክር እየነካ፣ የጎደለውን ድምፅ በአፋቸው እንዲያሰሙት ጠየቃቸው። የቅሉ ድምፅ ከጊታሩ ጋር ልክ አልገጠመም፤ ክሩን ላላ፣ ጠበቅ እያደረገ እስኪገናኙ ፈለገው። ሲገናኙ ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እዚህ ቁም" አሉት። "ሌላ እንዳትነካ።"

"ይቺን ብቻ?"

"እኛ ሁላችን አንድ አንድ ነው ያለን። አንተ ስንት ልትወስድ ነው?"

ቆመ። መጀመሪያ ላይ ይቸኩል ነበር። ከፊቱ ያለው ሰውዬ ተራው ሲደርስ በክርኑ ይነካው ጀመር። አጠገቤ የተቀመጠች የበርታ ጎረቤቴ ወደ እኔ ዘንበል አለች።

"ስንት አገር ዞሮ የተማረው ይቺን ነው?"

"እሷንም በደንብ ይምታት" አልኳት።

ቀስ በቀስ ክርኑ ቀረ። ዜማው ዞሮ ዞሮ ሲመጣ የጊታሩ ድምፅ ከቅሎቹ መካከል ብቅ ብሎ ይገባል፤ ቀዳዳው ተደፈነ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ሳላውቀው ተነስቼ ነበር። ልጄ እየዞረ በእኔ በኩል ሲያልፍ ፊቱን አየሁት። ይህን ፊት ያየሁት ያን የተተወለትን ጊታር ይዞ ወደ ቤት የገባ ቀን ነው። ሱብሐነላህ አልኩ።

ሲጨርሱ ዝናቡ የማንጎውን ቅጠል ይመታ ጀመር። በቀረጻው መጨረሻ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። ልጄ አላጠፋውም። ዙምባራዎቹ ተጠርገው ተጠቀለሉ፤ ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ተሰቀሉ።

ከሆሞሻ የተመለሰው ሰውዬ የልጅ ልጁ ወንድ መሆኑን አብስሮ ሲያበቃ ቀረጻውን ሰማ። ቦታዬን ወስደህ እንጀራዬን ልትዘጋው ነው? ብሎ ልጄን ያዘው። ሽማግሌው ግን ጨዋታውን ወደ ቁም ነገር መለሱት። አንዴ በሰልፉ የቆመ ሰው የሰልፉ ሰው ነው አሉ። ዙምባራው በመኸር ሲወርድ ይመጣል። የሚቀር ከሆነ አስቀድሞ ይናገራል። ሁለታችሁ ቦታውን ተካፈሉት አሏቸው።

ልጄ ወደ እኔ አየ።

"እመጣለሁ" አላቸው።

አልበሙ ወጥቷል፤ በስልኬ ላይ ጭኖልኛል። ማሽላውም ደርሶ እየታጨደ ነው። ዙምባራው ነገ ይወርዳል፤ የልጄ አውሮፕላን ዛሬ ከሰዓት አሶሳ ያርፋል። ገንፎ በባሚያ ይወዳል፤ ባሚያውን ልቆርጥ ልነሳ።