የታሸገው የጃንጥላ ወርክሾፕ

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ሸሪኬ ጋሼ ወርቁና እኔ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ሰፈር የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ እንሸጥ ነበር። የምናሰፋው ቻይና፣ ራሳችን በከፈትነው ወርክሾፕ ነው። አንድ ቀን እዚያ ቻይና ያለው የከተማው ሹም ወርክሾፑን አሸገው፤ ለምን ብንል የሚመልስልን ጠፋ።

ከወራት በኋላ ሹሙ ራሱ ከልዑካን ጋር ሎስ አንጀለስ መጣ። ምሳ ልንጋብዘው አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ዌስትቼስተር ካለው ሆቴል ካስከተላት አስተርጓሚ ጋር ይዤው መጣሁ። አስተርጓሚዋ ዝምተኛ ወጣት ነበረች። ከባሕር የመጣው ጉም መንገዱን ውጦት፣ የትራፊክ መብራቶቹ ብቻ አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። በእንቅልፍ ልቤ የምነዳ መሰለኝ።

ጋሼ ወርቁ ከሚጠብቁን ሬስቶራንት ገብተን ሹሙ ጥብሱን እያጣጣመ ቀስ ብሎ አወራ። ወጣቷ በእንግሊዝኛ ተረጎመችው፦ «ሴት ልጅ አለችኝ። እዚህ አስቀሩልኝ፣ ለመኖሪያ ፈቃዷ ዋስ ሁኑላት። ወርክሾፑ ወዲያው ይከፈታል።»

እሺ ልል አፌን ስከፍት ጋሼ ወርቁ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ንገሪው ልጄ፣ ይሄ ጉቦ ነው» አሏት። «አናደርገውም። ወርክሾፑም ይቅርብን።»

ያለን ጥሪት ሁሉ እዚያ ነበር። ወጣቷ ግን ፊቷ ሳይለወጥ ተረጎመችለት። ሹሙ የተረፈውን ጥብስ ገፋ አድርጎ ተነሣ።

ሆቴሉ ስመልሳቸው እሱ ቀድሞ ገባ። እሷ የመኪናውን በር ይዛ ቆመች።

«ለሽማግሌው ምስጋናዬን ንገርልኝ» አለችኝ። «አገር ቤት የሚጠብቀኝ እጮኛ አለኝ።»

«ታዲያ ይሄ ከኛ ጋር ምን አገናኘው?»

«ሹሙ አባቴ ነው» ብላኝ ወደ ውስጥ ሮጠች።