የፖሙ ጭማቂና የሞተው እርሾ

አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ «ጉንዳን» ይሏታል፤ አንድ ነገር ከያዘች መቼ ትለቅና! ጉንዳን አድጋ የጭማቂ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቀጠረች፤ እሳቸው ለዚያው ፋብሪካ ፖም የሚያቀርቡ አትክልተኛ ናቸው። እናቷ ካረፈች ወዲህ አባትና ልጅ አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ። እሷ ስለ ጠርሙስ፣ እሳቸው ስለ ዛፍ ሲያወሩ እራቱ ይበርዳል።

አንድ ዓመት በረዶ ወርዶ ፖሙን ቀጠቀጠው። የቆሰለ ፍሬ ደግሞ ለሻጋታ ይመቻል። ሽማግሌው የበሰበሰውን እየለዩ ቢጥሉም፣ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ የሻገተው አመለጣቸው። ጭማቂው ሲመረመር ሻጋታው የሚተወው መርዝ ከተፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። የመረመረችው ራሷ ጉንዳን ነበረች። ደግማ አየችው፤ ያው ነው። እቤት ገብታ ነገረቻቸው።

«ብታፈሉትስ?» አሉ አባቷ።

«ሻጋታው ይሞታል አባዬ፤ መርዙን ግን ሙቀት አይበግረውም።»

ጭማቂው ሲደፋ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ቀብር ላይ እንደቆመ ሰው ቆመው አዩ። ከዚያ ወዲህ ወደ አትክልቱ ዝር አልል አሉ። ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይውላሉ።

ጉንዳን አንጀቷ አልቻለም። መርዙ የእርሾ ገላ ላይ እንደሚጣበቅ አንብባ ስለነበር አለቃዋን አስፈቅዳ መሞከር ጀመረች። እርሾው በሕይወት ካለ ጭማቂውን ያብላላዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በሙቀት መግደል ነው። የመጀመሪያው ጊዜ እርሾው በደንብ አልሞተላትም ነበርና የጠርሙሱ ክዳን ተስፈንጥሮ ጭማቂው አለቃዋን ከራሱ እስከ እግሩ አጠበው።

«ልትገድዪ ያሰብሽው እርሾውን ነው ወይስ እኔን?» አላት ፊቱን እየጠረገ።

ይህን ስትነግራቸው አባቷ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቁ። ወንበራቸውንም ወደ እሷ አዞሩ።

«ቆይ፣ የሞተ ነገር እንዴት አድርጎ ይይዛል?»

«አይበላውም እኮ። ጫካ ስትገባ ልብስህ ላይ ጭጎጎት ይጣበቅ የለ? እንደዚያ ነው። መርዙ እርሾው ላይ ይጣበቃል፤ እርሾውን ስናጣራው ተያይዘው ይወጣሉ።»

በሌላ ሙከራ ተሳካላት፤ መርዙ ከተፈቀደው በታች ወረደ። ሽማግሌው «አምጪና ልቅመሰው» ብለው ቢለምኗትም እሷ ወይ ፍንክች! ደኅንነቱ ተጣርቶ እስኪፈቀድ ጠብታ አላቀመሰቻቸውም። እሳቸውም «እንዲህ ከሆነማ እኔ ምን አስቀመጠኝ?» ብለው ወደ ዛፎቻቸው ተመለሱ። ፖም ሲለዩ ከበፊቱ ይልቅ ጨከኑ። ጎረቤት «አሁን እኮ መፍትሔ ተገኝቷል» ቢላቸው፣ «መድኃኒት አለ ተብሎ ቁስል አይፈለግም» አሉት።

ፈቃዱ ሲመጣ እርጅና ተጫጭኗቸው ነበር። ጉንዳን ከአዲሱ ጭማቂ አንድ ብርጭቆ ይዛላቸው መጣች፤ ብርጭቆውን ከታች ደግፋ አጠጣቻቸው። አጣጣሙት።

«ፖም ፖም ይላል።»

«ታዲያ ምን እንዲል ፈልገህ ነው?»

«እናትሽ እንዲህ ያለውን ነበር የምትወደው» አሉና ግማሹን አስቀርተው ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። «እንኪ፣ የኔ ጉንዳን፤ ጨርሺው።»